ኢንጂኑ ያሳያችሁን ሁሉ አትጫወቱ፦ የቼስ ኢንጂን ምክር እንዴት ይመረመራል?

ቅዳሜ ከሰዓት ሀዋሳ ፍቅር ሐይቅ ዳር፣ አንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ቼስ እንጫወታለን። ሦስት ሰሌዳ፣ አሥር የሚሆኑ ልጆች፣ አንድ ፔርሙዝ ሻይ። ከሐይቁ ነፋስ ሲነሳ ወታደሮቹ እንዳይወድቁ በእጃችን እንከልላለን።

በቅርቡ አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ስልኳን ይዛ መጣች። ማታ ኦንላይን ተጫውታ ተሸንፋለች። ከዚያ በኢንጂን፣ ማለትም ቼስ በሚያሰላ የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ጨዋታውን አስመርምራለች። «ጋሼ፣ ኢንጂኑ እዚህ ጋ ተሳስተሻል ይለኛል። ሌላ እንቅስቃሴ አሳይቶኛል። ግን እሱን ብጫወት ወታደር እጎድላለሁ። ልመነው?» አለችኝ።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለእሷና እንደ እሷ ግራ ለሚጋቡ ነው። መልሴ አጭር ነው። ኢንጂኑ «ተሳስታችኋል» ሲል እመኑት። «ይህን ተጫወቱ» ሲል ግን ጠይቁት። አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ዓሣ ስትገዙ «ዛሬ ጠዋት የወጣ ነው» የሚላችሁን ሰው ውሸታም አትሉትም። ግን የዓሣውን ዓይን ታያላችሁ፣ ሥጋውን በጣት ጫን ታደርጋላችሁ። ከኢንጂን ጋርም እንዲሁ ነው። አጠያየቁን ከታች በቅደም ተከተል አስቀምጫለሁ።

1. ማንን እየጠየቃችሁ እንደሆነ እወቁ

ብዙ ልጆች ቻትጂፒቲን የመሳሰሉ የጽሑፍ መልስ ሰጪዎችን ስለ ቼስ ይጠይቃሉ። እነሱ የተሠሩት ለቋንቋ እንጂ ቼስ ለማስላት አይደለም። ሰሌዳው ላይ የሌለ ፈረስ ሊያንቀሳቅሱላችሁ ይችላሉ፣ ያውም በሙሉ መተማመን። የቼስ ሕግ ለመጠየቅ ይሆናሉ። እንቅስቃሴ ግን አትጠይቋቸው።

እውነተኛው ኢንጂን ሌላ ነው። በብዛት የምታገኙት ስቶክፊሽ ነው። ከ2008 ጀምሮ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የሚሠራ፣ ነጻ፣ ኮዱም ለማንም ክፍት የሆነ ፕሮግራም ነው። ሊቼስ የተባለው ነጻ የቼስ ድረ ገጽ ላይ ጨዋታችሁን ሲመረምር የምታዩት እሱን ነው፣ ቼስ ዶት ኮም ላይም ይገኛል። በ1997 የዓለም ሻምፒዮኑን ጋሪ ካስፓሮቭን ያሸነፈው ዲፕ ብሉ በሰከንድ ወደ 200 ሚሊዮን አቀማመጥ የሚያይ ግዙፍ ማሽን ነበር። ዛሬ ኪሳችሁ ውስጥ ባለ ስልክ ላይ የሚሠራው ስቶክፊሽ የትኛውንም የዓለም ሻምፒዮን ያሸንፋል። ስለዚህ ጥያቄው «ከእኔ ይበልጣል ወይ?» አይደለም። ይበልጣል፣ አበቃ። ጥያቄው «የነገረኝ ነገር ለእኔ ይሆናል ወይ?» ነው።

ፓኬጅ ሲያልቅ ወይም ኔትወርክ ሲጠፋ እንዳትቸገሩ፣ አንድሮይድ ስልክ ያላችሁ ድሮይድፊሽን ጫኑ። ስቶክፊሽን በውስጡ ይዟል፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል።

2. ኢንጂኑን ከመክፈታችሁ በፊት ጨዋታውን ራሳችሁ እዩት

ይህን ደረጃ ሁሉም ይዘለዋል። እባካችሁ አትዝለሉት። ደብተር አውጡ። ጨዋታውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እየተጫወታችሁ የተጠራጠራችሁባቸውን ሁለት ሦስት ቦታዎች ጻፉ። «እዚህ ጋ ፈርቼ ነበር»፣ «እዚህ ጋ ሌላ ነገር አስቤ ተውኩት» እያላችሁ። አሥር ደቂቃ ይበቃል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። መልሱን አንዴ ካያችሁ በኋላ የራሳችሁ ሐሳብ ይጠፋል። «አይ፣ እኔም አይቼው ነበር» ማለት ይመጣል። አላያችሁትም። ደብተሩ ግን ያስታውሳል።

3. ቁጥሩ ስለ ማን እንደሚያወራ አንብቡ

ስክሪኑ ላይ +0.8 ወይም -2.3 የሚል ቁጥር ታያላችሁ። ሊቼስ ላይ ፕላስ ሁልጊዜ ለነጭ ነው፣ ማይነስ ለጥቁር። በጥቁር ስትጫወቱ -2 ካያችሁ ደስ ይበላችሁ። አንዳንድ መተግበሪያ ግን ቁጥሩን ከተጫዋቹ አንጻር ያሳያል። ስለዚህ አንዱ ወገን በግልጽ ግንብ የጎደለበት ቦታ ፈልጋችሁ ምልክቱ ወዴት እንደሆነ አንድ ጊዜ አረጋግጡ።

ድሮ +1 ማለት «አንድ ወታደር ያህል ብልጫ» ነበር። ስቶክፊሽ ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ትርጉሙን አስተካክሎታል። አሁን +1 ማለት ሁለት ስቶክፊሾች ከዚህ ቦታ ቢጫወቱ ነጩ ግማሽ ያህሉን ጊዜ ያሸንፋል ማለት ነው። ልብ በሉ፣ ሁለት ስቶክፊሾች ነው ያልኩት። እኔና እናንተ ሂሳቡ ውስጥ የለንም።

ስለዚህ ትንንሽ ልዩነቶች አያስጨንቋችሁ። የእናንተ እንቅስቃሴ +0.4፣ የኢንጂኑ ደግሞ +0.6 ከሆነ፣ በእኛ ደረጃ እኩል ናቸው። የገባችሁን ተጫወቱ። እኔ ልጆቹን ሳስተምር ከግማሽ በታች ያለን ልዩነት አላነሳም።

በተቃራኒው +9 ላይ ሆናችሁ ንግሥት በንግሥት ብትቀያየሩና ቁጥሩ +6 ቢሆን፣ ኢንጂኑ ቅር ሊለው ይችላል። እናንተ ግን ቀላል የማሸነፊያ መንገድ አግኝታችኋል። ተቀያየሩ።

4. ጊዜ ስጡት

ከቁጥሩ አጠገብ «ጥልቀት» የሚያሳይ ሌላ ቁጥር አለ። 20 ካለ፣ በግምት ከሁለቱም ወገን አሥር አሥር እንቅስቃሴ ወደፊት አይቷል ማለት ነው። ኢንጂኑ እንደተከፈተ የሚያሳየው ቀስት የመጀመሪያ ሐሳቡ ነው። ሁለት ሰከንድ ላይ ያያችሁት ቀስት በሰላሳ ሰከንድ ሊቀየር ይችላል። እኔ ቢያንስ 22 እስኪደርስ እጠብቃለሁ። ከዚያም ያው እንቅስቃሴ በተከታታይ ሦስት አራት ጥልቀት ላይ ከጸና እቀበለዋለሁ። ሀዋሳ በሙቀት ሰዓት ርካሽ ስልክ ቶሎ ይግላል፣ ሲግል ደግሞ ይዘገያል። ጥላ ውስጥ አስቀምጡት።

ጥልቀት ለምን እንደሚያስፈልግ አንድ ታላቅ ምሳሌ ልንገራችሁ። በ1998 ስፔን ውስጥ ሊናሬስ ውድድር ላይ ታላቁ ተጫዋች አሌክሲ ሺሮቭ ከቬሰሊን ቶፓሎቭ ጋር ሲጫወት፣ ጥቂት ጠጠር በቀረበት ቦታ ጳጳሱን ኤች3 በሚባለው ቤት ላይ በነጻ ሰጠ። ወታደር እንኳ አልበላበትም። ዓላማው ንጉሡ በጊዜ እንዲገባ መንገድ መክፈት ነበር። አሸነፈም። በዘመኑ የነበሩት ኢንጂኖች ያንን እንቅስቃሴ አላዩትም፣ ከዕይታቸው ድንበር ማዶ ነበረና። የዛሬዎቹ እጅግ ይሻላሉ። ድንበሩ ግን ራቀ እንጂ አልጠፋም።

5. ሦስት መስመር አብሩ

ሴቲንጉን ካልነካችሁ ኢንጂኑ ብዙ ጊዜ አንድ መስመር፣ ማለትም አንድ ተከታታይ የእንቅስቃሴ ሐሳብ፣ ብቻ ያሳያል። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ሦስት አድርጉት። ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ።

ሦስቱ መስመሮች +0.5፣ +0.4፣ +0.4 ካሉ ቦታው ሰፊ ነው። የፈለጋችሁትን መምረጥ ትችላላችሁ። አንደኛው 0.0፣ ሁለተኛው -4፣ ሦስተኛው -5 ካሉ ግን ገመድ ላይ እየሄዳችሁ ነው። አንዲት ትክክለኛ እንቅስቃሴ ብቻ አለች፣ እሷን ካጣችሁ አለቀ። ኢንጂኑ 0.0 ብሎ ተረጋግቶ ይቀመጣል፣ እሱ እንቅስቃሴዋን አይስታትምና። አምስት ደቂቃ ሰዓት ይዞ ለሚጫወት ሰው ግን ይህ እኩል ቦታ አይደለም። እንዲህ ዓይነት ቦታ ውስጥ ዳግመኛ መግባት ካልፈለጋችሁ፣ ሁለት ሦስት እንቅስቃሴ ወደኋላ ተመልሳችሁ መግቢያውን ፈልጉ።

6. የራሳችሁን እንቅስቃሴ አስገቡና መልሱን ተመልከቱ

ወደ ልጅቷ ጨዋታ እንመለስ። ጥቁር ነበረች። ሰሌዳ ካላችሁ አውጡና አብራችሁኝ አስቀምጡ፣ የቤቶቹን ስም እንደምንጠራቸው ጽፌያለሁ።

ነጩ ወታደሩን ወደ ኢ4፣ እሷ ወደ ኢ5። ነጩ ፈረስ ኤፍ3፣ እሷ ፈረስ ሲ6። ነጩ ጳጳስ ሲ4፣ እሷ ፈረስ ኤፍ6። ከዚያ ነጩ ፈረሱን ጂ5 ላይ አመጣው። ኤፍ7 ላይ ያለችው ወታደር በጳጳስና በፈረስ ተያዘች። እሷ በትክክል ወታደሯን ወደ ዲ5 ገፋች። ነጩ በኢ4 ወታደሩ በላ። አሁን እሷ በኤፍ6 ፈረሷ ዲ5 ላይ መልሳ በላች።

ማን የማይበላ አለ? ወታደር ተበላብህ፣ መልሰህ ትበላለህ። ኢንጂኑ ግን ይህን ስህተት አለው። ያሳያት እንቅስቃሴ ሌላኛውን ፈረስ ከሲ6 ወደ ኤ5 መውሰድ ነው። የሰሌዳው ዳር ላይ! ወታደሩም እንደተበላ ይቀራል።

«አንቺ የተጫወትሽውን አስገቢ፣ ቀጥሎ ነጩ ምን እንደሚያደርግ እዪ» አልኳት። ይህ ነው ዋናው ጥበብ። የኢንጂኑን እንቅስቃሴ ትኩር ብሎ ማየት ብዙ አያስተምርም። የራሳችሁን እንቅስቃሴ እንዴት እንደሚቀጣ ማየት ግን ያስተምራል።

ስልኩን አስቀምጠን በእንጨቱ ሰሌዳ ተጫወትነው። ነጩ ፈረሱን ኤፍ7 ላይ መስዋዕት ያደርጋል። ንጉሡ ይበላል። ንግሥቲቱ ኤፍ3 ላይ ወጥታ ቼክ ትላለች፣ በዚያው ዲ5 ላይ ያለውን ፈረስም ታስፈራራለች። አሁን ጥቁሩ ንጉሥ የት ይሂድ? «ወደ ቤቱ ይመለሳ» አለችና ጂ8 ላይ አስቀመጠችው። ጳጳሱ ዲ5ን በላ፣ ቼክ። በንግሥቷ መልሳ በላች። የነጩ ንግሥት በላች፣ ቼክ። ጳጳሷን ኢ6 ላይ ከለለች። ንግሥቲቱ ኢ6ን በላች፣ ሜት። ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች።

ፈረሱን ላለማጣት ንጉሡ ኢ6 ላይ፣ ከነሕይወቱ መሐል ሜዳ ላይ ወጥቶ መቆም አለበት። ነጩ ሌላውን ፈረስ ሲ3 ላይ ጨምሮ ዲ5ን ለሦስተኛ ጊዜ ይይዛል። ኢንጂን በጥቁር ቢጫወት ከዚህም በኋላ ይታገላል፣ ትክክለኛዎቹን እንቅስቃሴዎች እያገኘ ብዙ ሊቆይ ይችላል። የ13 ዓመት ልጅ ግን ማታ መኝታዋ ላይ ተጋድማ ያንን መከላከል አትችልም። እኔም አልችልም።

ከዚያ የኢንጂኑን ምክር አስቀመጥን። ፈረስ ኤ5 ጳጳሱን ያስፈራራል። ጳጳሱ ቢ5 ላይ ሄዶ ቼክ ይላል። ጥቁር ወታደሩን ሲ6 ላይ ይገፋል። ነጩ ይበላል፣ ጥቁር በቢ7 ወታደሩ መልሶ ይበላል። ጳጳሱ እንደገና ተነካ፣ መሸሽ አለበት። ቀጥሎ ጥቁር ወታደሩን ኤች6 ላይ ሲገፋ የጂ5 ፈረስም ይሸሻል። ቁጠሩት፣ ነጩ አንድ ወታደር አተረፈ። ጥቁር ግን ጠጠሮቹን እያወጣ የነጩን ጠጠሮች ወደኋላ እያባረረ ነው። ወታደሩ የጊዜ ዋጋ ሆነ።

«እንዲህ ከሆነማ እሰጠዋለሁ» አለች። አሁን ምክሩ የእሷ ሆነ።

7. ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ

በራሳችሁ ቋንቋ፣ ለጓደኛ እንደምታስረዱት። «ወታደር ሰጥቼ ጳጳሱንና ፈረሱን አባርራለሁ» ማለት በቂ ነው። «ኢንጂኑ ስላለ» ምክንያት አይደለም። መናገር ካቃታችሁ መስመሩን አምስት ስድስት እንቅስቃሴ ወደፊት ተጫወቱት። ምን እንደተቀየረ እዩ። ጠጠር ጎደለ? መስመር ተከፈተ? ንጉሥ ተጋለጠ? አሁንም ካልገባችሁ ለጊዜው ተዉት። ሁለተኛውን ወይም ሦስተኛውን መስመር እዩ፣ ብዙ ጊዜ የሰው እንቅስቃሴ እዚያ አለ።

መተግበሪያዎቹ የሚለጥፉት «ድንቅ»፣ «ስህተት» የሚል ምልክት ላይ ብዙ አትቆዩ። ምልክቱ የመተግበሪያው አጠራር ነው እንጂ ምክንያቱን አይነግራችሁም።

8. መክፈቻ ላይ ቀኝ እጃችሁን ያዝ አድርጉ

ከዓመታት በፊት ለአንድ ውድድር ስዘጋጅ ከኢንጂን 14 እንቅስቃሴ በቃሌ ያዝኩ። ሌሊት ሌሊት እየደገምኩ። በውድድሩ ቀን ተጋጣሚዬ ስድስተኛው ላይ ያላየሁትን ተጫወተ። መጥፎ እንቅስቃሴ አልነበረም፣ ሌላ ብቻ ነበር። ሃያ ደቂቃ አሰብኩ። ጠጠሮቼ ለምን እዚያ እንደቆሙ አላውቅም ነበርና ምን ላድርጋቸው? ተሸነፍኩ። ቤት ገብቼ ቦታውን ኢንጂን ላይ ሳስቀምጠው የእኔ ወገን ይሻል ነበር። ያ ሽንፈት እስከ ዛሬ ያመኛል።

አሁን እንዲህ አደርጋለሁ። ለመክፈቻ መጀመሪያ የሊቼስን የጨዋታ ክምችት አያለሁ። እዚያ በተጫዋቾች ደረጃ መለየት ይቻላል። የእኔን ዓይነት ሰዎች በዚህ ቦታ በእርግጥ ምን እንደሚጫወቱ ያሳየኛል። ኢንጂኑን የምከፍተው ከዚያ በኋላ፣ የመረጥኩት ነገር ጉድጓድ እንዳለው ለማየት ነው።

አያቶቻችን ሰንጠረዥ፣ የአገራችንን የጥንት ቼስ፣ ሲጫወቱ መጀመሪያ ላይ «ወረራ» የሚባል ክፍል ነበር። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ እንደፈለጉ ያንቀሳቅሳሉ። ዓይናቸው ከተጋጣሚው አሰላለፍ ላይ አይነሳም። በቃል የተያዘ መስመር እዚያ ምን ይሠራል? ይህን ለልጆቹ ስነግራቸው ደስ ይላቸዋል። እኔም ደስ ይለኛል።

9. ሰባት ጠጠር ሲቀር ግምት ተዉ

ንጉሦቹን ጨምሮ ሰሌዳው ላይ ሰባት ወይም ከዚያ በታች ጠጠር ከቀረ፣ መልሱ ተሰልቶ ያለቀ ነው። ታብልቤዝ ይባላል። የሰባት ጠጠሩ ሲዚጂ የተሰኘው ስብስብ በ2018 ተጠናቋል። ሊቼስ ላይ ቦታውን ስታስቀምጡ በራሱ ይመጣል፣ ኢንተርኔት ግን ይፈልጋል። «ያሸንፋል» ካለ ያሸንፋል፣ «እኩል» ካለ እኩል ነው። እዚህ ላይ መጠራጠር አያስፈልግም።

ከዚያ በላይ ጠጠር ካለ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ተከላካዩ ማንም የማይገባበት ምሽግ ሲሠራ ኢንጂኑ አንዳንዴ ትልቅ ብልጫ ማሳየቱን ይቀጥላል። መለየት የሚቻለው እንዲህ ነው። የኢንጂኑን መስመር አሥራ አምስት እንቅስቃሴ ያህል ተጫወቱ። ቁጥሩ ካልጨመረ፣ ወታደር ካልተገፋ፣ ምንም ካልተበላ፣ ጠጠሮቹ ወዲያ ወዲህ ብቻ ካሉ ምሽግ ጠርጥሩ።

ቀላሉን ምሽግ በቃላችሁ ያዙ። ነጩ ኤች ላይ ያለ ወታደርና በነጭ ቤቶች የሚሄድ ጳጳስ አለው። የጥቁር ንጉሥ ኤች8 ጥግ ላይ ተቀምጧል። ኤች8 ጥቁር ቤት ስለሆነ ጳጳሱ መቼም አይነካውም። ጳጳስና ወታደር ትርፍ ይዞ ጨዋታው እኩል ነው። ልጆቹ ይህን ሲያዩ መጀመሪያ አያምኑም። ሞክሩት እላቸዋለሁ። ግማሽ ሰዓት ይሞክራሉ።

10. ጨዋታ ላይ ስልክ የለም

ጨዋታው ሳያልቅ ኢንጂን መክፈት ማጭበርበር ነው፣ ከጓደኛ ጋር በኦንላይን ቢሆንም። በፊዴ፣ በዓለም አቀፉ የቼስ ፌዴሬሽን፣ ሕግ መሠረት ውድድር ቦታ ላይ ስልክ ኪሳችሁ ውስጥ ከተገኘ ጨዋታውን ትሸነፋላችሁ። ቦርሳ ውስጥ አጥፍቶ ማስቀመጥ የሚቻልበት ውድድር አለ፣ አስቀድማችሁ ዳኛውን ጠይቁ።

11. ደብተሩን ዝጉና በሳምንቱ ክፈቱት

ከእያንዳንዱ ጨዋታ አንድ ቦታ ብቻ ምረጡ። አቀማመጡን ሳሉት፣ የተማራችሁትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ከሥሩ ጻፉ፣ ቀን አድርጉበት። በሳምንቱ ያለ ስልክ ሰሌዳ ላይ አስቀምጡትና መልሱን ፈልጉ።

ልጅቷ ባለፈው ቅዳሜ ደብተሯን አሳየችኝ። ሰሌዳውን በእርሳስ ስላዋለች፣ ጥቁሮቹን ቤቶች በጥንቃቄ አጥቁራለች። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «በፈረሴ ዲ5 ላይ ከበላሁ ንጉሤ ኢ6 ላይ ወጥቶ ብርድ ይመታዋል።» ከዚያ ሰሌዳውን አዙራ ነጮቹን ለእኔ ሰጠችኝና ወታደሯን ኢ5 ላይ ልትገፋ እጇን ዘርግታ ጠበቀችኝ።